ከ1933 እስከ 1937 የት ነበርክ?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1945 መገባደጃ፣ ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ጀርመናዊ ፓስተር ሚስቱን ይዞ ሙኒክ ከተማ አጠገብ ወዳለው የዳካው ማጎሪያ ካምፕ ሄደ። ቦታውን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከ1941 ጀምሮ የታሰረው እዚያ ነበር። ለሚስቱ የኖረባትን ጠባብ ክፍል አሳያት። ከዚያ ሲዞሩ አስከሬን ይቃጠልበት ከነበረው ሕንጻ ዘንድ ደረሱ። እዚያ አንድ ሰሌዳ ተተክሏል። ከ1933 እስከ 1945 ድረስ በዚህ ስፍራ ይህን ያህል ሰው ተቃጥሏል ይላል። የተጻፈው ቁጥር የተጋነነ እንደነበር በኋላ ታውቋል፤ ያን ዕለት ግን ቁጥሩን ያየ ሁሉ ክው ይል ነበር። ሚስቱም ደነገጠች።

ፓስተሩ ማርቲን ኒሞለር ይባላል። እሱን የያዘው ቁጥሩ ሳይሆን ዓመቱ ነበር። በየአዳራሹ እየዞረ እንደተረከው፣ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ አንድ ጥያቄ ተሰማው፦ አንተ በዚያ ጊዜ የት ነበርክ? ከሐምሌ 1937 ወዲህ ላለው ጊዜ የማያሳፍር መልስ አለው። ሐምሌ 1 ቀን 1937 ጌስታፖ ከቤቱ ወስዶታል፤ ከዚያ በኋላ እስረኛ ነበር። የሂትለር የግል እስረኛ ይባል ነበር። ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ነገር ግን ሰሌዳው የሚጀምረው ከ1937 አይደለም። የዳካው ካምፕ የተከፈተው በመጋቢት 1933፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘ በሁለት ወሩ ነው። ከ1933 እስከ 1937 አጋማሽ ኒሞለር ነጻ ሰው ነበር። በበርሊን ሀብታም ሰፈር ደብር ነበረው፣ መድረክ ነበረው፣ ስሙ የታወቀ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ወደ ዳካው የተጋዙትን ኮሚኒስቶችና ሶሻሊስቶች በተመለከተ ምን አደረገ? ምንም።

ሌላ ሰው ቢሆን ስምንቱን የእስር ዓመታት አንስቶ አራቱን ይሸፍንባቸው ነበር። በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ብዙዎች ከዚያ እጅግ ባነሰ ነገር ራሳቸውን ሸፍነዋል። የኒሞለር ታሪክ ዛሬም መነገር የሚገባው ሰውየው ጀግና ስለነበረ አይደለም፤ ጀግንነቱን መደበቂያ ስላላደረገው ነው።

የቀደመ ታሪኩ ለጀግንነት ብዙም አይመችም። በ1892 ከፓስተር ቤት ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሰርጓጅ መርከብ መኮንን ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ራሱ አዛዥ ሆኗል። ንጉሡ ወርዶ ሪፐብሊክ ሲመጣ ጠላው። በምርጫ ለናዚ ፓርቲ ድምፅ ሰጥቷል፤ አንዴ በ1924፣ እንደገና በ1933። በ1934 ከሰርጓጅ መርከብ እስከ ምስባክ ያለውን ሕይወቱን የሚተርክ መጽሐፍ ሲያወጣ የናዚ ጋዜጦች አሞግሰውለታል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በኋላ የሂትለር እስረኛ የሆነው።

ከሂትለር ያጣላው ምን ነበር? በመስከረም 1933 ትልቋ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን፣ የፕሩሲያዋ ማለት ነው፣ ከአይሁድ ዘር የተወለዱ አገልጋዮችን ከሥራ የሚያስወግድ ሕግ አጸደቀች። ኒሞለር ይህን ተቃውሞ ፓስተሮችን በማኅበር አደራጀ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ ተመዘገቡ። በግንቦት 1934 ባርመን በተባለ ቦታ ተሰብስበው የቤተ ክርስቲያን ራስ ክርስቶስ እንጂ ፉህረሩ አይደለም የሚል የእምነት መግለጫ አወጡ። ቡድኑም የሚመሰክር ቤተ ክርስቲያን ተባለ። ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋም አስከፍሏል። ግን ጠቡ በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ የነበረ ጠብ ነው። የተጠመቀው አይሁዳዊ ወንድማችን ነው ተባለለት። ያልተጠመቀው አይሁዳዊ ሱቁ ሲዘጋ፣ ከሥራው ሲባረር፣ ዜግነቱን ሲነጠቅ ማኅበሩ በአደባባይ አልጮኸም። ኒሞለር ራሱ በእነዚያ ዓመታት ስብከቶቹ ውስጥ ስለ አይሁድ ሕዝብ የተናገራቸው ነገሮች ዛሬ ሲነበቡ ያሸማቅቃሉ።

በጀርመንኛ የእምነት ምስክርነትና የጥፋት ኑዛዜ የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። አማርኛም ሩቅ አይደለም፤ «አመነ» የሚለው ግስ ሁለቱንም ይሸከማል። ሰው በአምላኩ ያምናል፤ ዳኛ ፊት ቆሞም ጥፋቱን ያምናል። የባርመን ሰዎች በመጀመሪያው ትርጉም አምነው ነበር። ሁለተኛው የመጣው ከ11 ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም በጭንቅ።

በጊዜው ያመነ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በኅዳር 1938 ምኵራቦች በተቃጠሉና የአይሁድ ሱቆች በተሰባበሩ በሳምንቱ የጀርመን ፕሮቴስታንቶች ዓመታዊ የንስሐ ቀን ዋለ። በመላ አገሪቱ ሕዝቡ ለንስሐ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ አብዛኛው ሰባኪ ስለ ኃጢአት በጥቅሉ ሰብኮ አሰናበተው። በቩርተምበርግ ግዛት ኦበርሌኒንገን በምትባል መንደር ያገለግል የነበረው ዩልዩስ ፎን ያን ግን የሆነውን በስሙ ጠርቶ ይህ ወንጀል ነው፣ የእግዚአብሔርን ፍርድ ይጠራብናል አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተሰበሰበ ሕዝብ ቀጥቅጦ መታው፤ ቀጥሎም ታሰረ። የዚያች ግዛት ጳጳስ ቴዎፊል ቩርም ይባላል። በዚያው ወር በአደባባይ ዝም አለ። በታኅሣሥ ለፍትሕ ሚኒስትሩ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የተፈጸመውን ግፍ ቢነቅፍም፣ መንግሥት የአይሁድን ተጽዕኖ የመታገል መብት አለው የሚለውን አልተቃወመም። ቩርም ክፉ ሰው አልነበረም። በ1940 የአእምሮ ሕሙማን በመንግሥት ሲገደሉ ተቃውሞ የጻፈ ሰው ነው። የ1938ቱ ዝምታ ግን ዝምታ ነው። ይህ ስም ይያዝ፤ ተመልሶ ይመጣል።

ሌላው ዲትሪሽ ቦንሆፈር ነው። ከ1935 እስከ 1937 ፊንከንቫልደ በተባለ ስፍራ ለወጣት ፓስተሮች በድብቅ የሚባል ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። ተማሪዎቹን ካስደነገጧቸው ነገሮች አንዱ፣ ከቅዱስ ቁርባን በፊት እርስ በርሳችሁ ኃጢአታችሁን ተናዘዙ ማለቱ ነው። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የንስሐ አባት አለው፣ ጥፋቱን በአንደበቱ ይዘረዝራል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ የሰረቀም ከሆነ መልስ ይባላል። ለእነዚያ ወጣቶች ግን እንግዳ ነበር። «እኔ ለእግዚአብሔር በቀጥታ እናዘዛለሁ» የሚለው መልስ ለፕሮቴስታንት ምላሱ ላይ ነው። ቦንሆፈር በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ይህን መልስ ይዞ መረመረው። ብቻችንን ለእግዚአብሔር ተናዘዝን ስንል ብዙ ጊዜ የተናዘዝነው ለራሳችን ነው፣ ይቅር ያልነውም ራሳችን ነን፤ አንድና ያው ኃጢአት የሚመላለስብንም ለዚህ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ስም የሌለው ኑዛዜም አደገኛ ነው አለ። ሰው «ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ መኖር ይችላል፣ አንዲቷን ኃጢአት ሳይነካ። ደግሞ ሌሎችን አዝዞ አልተቀመጠም፤ ራሱም ከተማሪዎቹ አንዱን መርጦ ተናዘዘ።

ይኸው ሰው በ1940 እና 1941 መካከል፣ ሂትለር በድል ላይ ድል በሚያገኝበት ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያንን ኑዛዜ በወረቀት አሰፈረ። አሥርቱን ትእዛዛት ተራ በተራ እየተከተለ፣ ቤተ ክርስቲያን የቱ ላይ እንደ ወደቀች ጻፈ። ንጹሐን ሲገደሉ አይታ ድምፅ አላሰማችም፤ ደካሞቹና መከላከያ የሌላቸው የክርስቶስ ወንድሞች ሲጠፉ በደም ዕዳ ተጠያቂ ሆናለች። በዚያ ዐውድ የክርስቶስ ወንድሞች ያላቸው አይሁዶቹን ነው። ሊያሳትመው አይችልም፤ ወረቀቱ ተደብቆ ቀረ። ቦንሆፈር ሚያዝያ 9 ቀን 1945 ፍሎሰንቡርግ ካምፕ ውስጥ ተሰቀለ።

አሁን ወደ ጥቅምት 1945 እንሂድ። ጀርመን ፈርሳለች። በነሐሴ ወር የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተሰብስበው አንድ ምክር ቤት አቁመዋል፤ ሰብሳቢው ጳጳስ ቩርም ነው፣ ምክትሉ ኒሞለር። ምክር ቤቱ በሽቱትጋርት ሲሰበሰብ ከውጭ እንግዶች መጡ። ገና በምሥረታ ላይ የነበረው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ልዑካን ናቸው፤ መሪያቸው ሆላንዳዊው ቪሰር ት ሁፍት፣ ከእነሱም መካከል የእንግሊዙ ጳጳስ ጆርጅ ቤል አለ። ከሆላንድና ከፈረንሳይ የመጡትም አሉ፤ አገራቸው ለዓመታት በጀርመን ጦር ሥር የቆየ ሰዎች ናቸው። ሊረዱና ግንኙነቱን ሊቀጥሉ ፈልገዋል። ግን አገራቸው ያሉ ምእመናን አንድ ቃል ሳይሰሙ ከጀርመን ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን አይቀበሉም። ተናዘዙ ብለው ሊያዝዙ አልፈለጉም፤ የታዘዘ ኑዛዜ ኑዛዜ አይደለምና። እንድንረዳችሁ እርዱን በሚል መንፈስ ነበር የመጡት።

በጥቅምት 17 ምሽት ኒሞለር በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ሰበከ። የመረጠው ምዕራፍ ኤርምያስ 14 ነው፤ ድርቅ ያደቀቀው ሕዝብ በደላችን ይመሰክርብናል እያለ የሚለምንበት። ፍርስራሽ ውስጥ ለሚኖር ጉባኤ ያን መስበክ ቀላል አይደለም። የሰሚው ሆድ ባዶ ነው፤ ልጁ ከምሥራቅ ግንባር አልተመለሰም፤ ከምሥራቅ ግዛቶች የተፈናቀሉ ዘመዶቹ በየመንገዱ ናቸው። የሚጠብቀው መጽናናትን ነው።

በማግስቱና በሦስተኛው ቀን መግለጫው ተዘጋጀ። ሁለት ረቂቆች ነበሩ፣ አንዱ የኦቶ ዲቤሊዩስ፣ ሌላው የሃንስ አስሙሰን። ሁለቱ ተጣመሩ፤ ጥቅምት 19 ለእንግዶቹ ተነበበ፤ 11 ሰዎች ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ጉስታቭ ሃይነማን በኋላ የምዕራብ ጀርመን ፕሬዚዳንት ሆኗል። ሙሉው ጽሑፍ አንድ ገጽ አይሞላም።

ከዚያ አጭር ወረቀት ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ መቆም ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ራሳቸውን የሚከሱበት ቦታ ነው። ይበልጥ በድፍረት አልመሰከርንም፣ ይበልጥ በታማኝነት አልጸለይንም፣ ይበልጥ በደስታ አላመንንም፣ ይበልጥ በጋለ ፍቅር አልወደድንም ይላሉ። ሲሰሙት ያምራል። አራቱም ላይ ያለችውን «ይበልጥ» የምትል ቃል ግን ልብ ይሏል። ይበልጥ በድፍረት አልመሰከርንም ያለ ሰው፣ መስክሬያለሁ እያለ ነው፤ ደፍሬያለሁም እያለ ነው፤ የጎደለው መጠኑ ብቻ ነው። ከዚያው በፊት ደግሞ ለረጅም ዓመታት የናዚን መንፈስ ታግለናል የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ፎን ያን ሲደበደብ ዝም ያለ ጳጳስ፣ በ1933 ለሂትለር ድምፅ የሰጠ ፓስተር፣ አዲሱን መንግሥት በስብከት የተቀበለ መሪ፣ ሁሉም «ይበልጥ» ከምትለው ቃል ጀርባ ይቆማሉ። በአማርኛ የሚታወቀው «አጥፍተን ከሆነ ይቅርታ» የዚህ የሥጋ ዘመዱ ነው። «ከሆነ» ብሎ የጀመረ ሰው ጥፋቱን ገና በጥርጣሬ ይዞታል፤ ማረጋገጫውን የሚፈልገው ከተበዳዩ ነው።

ሁለተኛው ቦታ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይግባ ብሎ የሞገተላት ኒሞለር ነው። በእኛ ምክንያት በብዙ ሕዝቦችና አገሮች ላይ መጨረሻ የሌለው መከራ መጥቷል ትላለች። በናዚዎች አላለም፤ በጥቂት ወንጀለኞች አላለም። በእኛ አለ። ይህች ዐረፍተ ነገር ባትኖር ወረቀቱ ያማረ የሃይማኖት መግለጫ ሆኖ ይረሳ ነበር። የሆላንዱና የፈረንሳዩ ሰው ወንድሜ ብሎ እጁን እንዲዘረጋ ያስቻለችው እሷ ናት።

የሌለውም ይታይ። አይሁድ የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ የለም። ስድስት ሚሊዮን ሰው ከተገደለ በወራት ልዩነት በተጻፈ የጥፋት ኑዛዜ ላይ የተገደሉት አልተጠሩም። ፖላንድም አልተጠራችም፣ ሩሲያም። ኑዛዜው የተነገረው ከፊት ለተቀመጡት፣ ሊረዱ ለመጡት ነው፤ በጣም የተበደለው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ሳኦልንና ዳዊትን ማስታወሱ አይቀርም። ሁለቱም ነቢይ ፊት ቆመው መበደላቸውን ተናግረዋል፤ በቃል ደረጃ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ሳኦል ግን ወዲያው አስከትሎ በሕዝቡ ሽማግሌዎች ፊት ክብሩን እንዲጠብቅለት ሳሙኤልን ለመነው። ጥፋቱንም በከፊል በሕዝቡ ላይ አላከከ። ዳዊት ናታን ያንን የበግ ታሪክ ነግሮ ጣቱን ሲቀስርበት ምንም አልጨመረም። የሽቱትጋርት ወረቀት በሁለቱ መካከል የቆመ ነው፤ ፈራሚዎቹም በአንድ ልብ አልነበሩም።

ሕዝቡ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አላየም። መግለጫው በጋዜጣ ሲወጣ ቁጣ ሆነ፤ ከጋዜጦቹ አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን የጦርነቱን ጥፋት አመነች በሚል ርዕስ አወጡት። ጀርመኖች ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ በቨርሳይ ውል የጦርነቱን ጥፋት ብቻቸውን ተሸከሙ መባላቸውን አልረሱም። አሁን ደግሞ የገዛ ፓስተሮቻችን አሳልፈው ሰጡን አሉ። ደብዳቤ ጎረፈ። የደብዳቤዎቹን ሐሳብ ለመገመት ጀርመን መሆን አያስፈልግም፦ እነሱስ? ድሬስደንን ማን አቃጠለ? ከምሥራቅ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከነልጁ እየተባረረ አይደለም ወይ? ለምን እኛ ብቻ? ለምን አሁን?

እዚህ ላይ ፍርዱ ቀላል አይደለም። የጠየቁት ሁሉ ውሸት አልነበረም። ከተሞች ከነሕዝባቸው ተቃጥለዋል፤ ተፈናቃዮች በመንገድ ላይ ሞተዋል። «እነሱስ?» የሚለው ጥያቄ ኃይሉ ከዚህ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ እውነት አለበት። ችግሩ የሚጠየቅበት ቦታ ነው። ካህን ፊት ቀርቦ የጎረቤቱን ኃጢአት የሚዘረዝር ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገና መናዘዝ ግን አልጀመረም። ኒሞለር በየከተማው ሲዞር የመለሰው በዚሁ መንገድ ነው። የሌላው ጥፋት የሌላው ነው፤ እኔ የምመልሰው ለ1933 ነው አለ። በጥር 1946 ኤርላንገን በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ለተማሪዎች ሲናገር፣ ብዙዎቹ ከጦር ግንባር የተመለሱ ነበሩና፣ ወለሉን በእግራቸው እየደበደቡና እየፋቁ ረበሹት።

የቤተ ክርስቲያን አመራርም ብዙ አልጸናም። መግለጫው በእግዚአብሔር ፊት የተባለ ሃይማኖታዊ ቃል እንጂ ፖለቲካዊ አይደለም የሚል ማብራሪያ በየቦታው ተሰጠ። ከግዛት አብያተ ክርስቲያናት መካከል መግለጫውን በይፋ የራሳቸው ያደረጉት ጥቂት ናቸው። የባሰው ደግሞ በተግባር የታየው ነው። አሸናፊዎቹ መንግሥታት የቀድሞ ናዚዎችን ከሥራ ለማጥራት ምርመራ ሲጀምሩ፣ ተመርማሪው መልካም ሰው ለመሆኑ ምስክር ወረቀት ማቅረብ ነበረበት። ሰው ሁሉ ወደ ፓስተሩ ሄደ። ፓስተሩም ጻፈለት፤ በየጊዜው ይጸልይ ነበር፣ ልጆቹን አስጠምቋል፣ በልቡ ናዚ አልነበረም። ሕዝቡ ለወረቀቱ ስም አወጣለት፤ በታወቀው የልብስ ሳሙና ስም «የፐርሲል ወረቀት» አለው። በጥቅምት 1945 «በእኛ ምክንያት» ያለች ቤተ ክርስቲያን በሚቀጥሉት ዓመታት ሳሙና ስታድል ዋለች።

ኒሞለርም ከዚህ ነጻ አይደለም። ገና በሰኔ 1945 ኔፕልስ ላይ ለጋዜጠኞች በሰጠው ቃል፣ ጦርነቱ ሲጀመር ከእስር ቤት ሆኖ በባሕር ኃይል ለማገልገል መጠየቁን አመነ፤ ለጀርመን ሕዝብ የምዕራቡ ዓይነት ዴሞክራሲ አይስማማውም የሚል ነገርም ተናገረ። አድናቂዎቹ ደነገጡ። በ1948 ደግሞ የሄሰን ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆኖ ሳለ፣ የናዚ ማጥራቱ ሥራ ፍትሕ አጉድሏል ብሎ ምእመናን እንዳይተባበሩ ከመድረክ አስነገረ። ምክንያቱ ነበረው፤ ትንንሾቹ እየተቀጡ ትልልቆቹ ያመልጡ ነበር። ግን ይህም የታሪኩ ክፍል ነው። በአንድ ሰሌዳ ፊት የተከፈተ ዐይን ሁሉን ነገር አያይም።

የጎደለው ቃል ቀስ እያለ መጣ። በ1947 የኒሞለርና የጓደኞቹ ክንፍ በዳርምሽታት ባወጣው መግለጫ ቤተ ክርስቲያን በፖለቲካ የሳተችባቸውን መንገዶች በስማቸው ጠራ፤ አሁንም አይሁድ አልተጠሩም። በ1949 የቦንሆፈር ወዳጅ ኤበርሃርድ ቤትገ የተደበቁትን ወረቀቶች ሰብስቦ አሳተመ። ሂትለር በድል ላይ ሳለ የተጻፈው ኑዛዜ ያኔ በሕዝብ እጅ ገባ፤ ከሽቱትጋርቱ ወረቀት አራት ዓመት ቀድሞ የተጻፈው፣ ከእሱ ይልቅ ግልጽ የነበረው። በሚያዝያ 1950 በበርሊን ቫይሰንዜ የተሰበሰበው ሲኖዶስ በማድረግም በዝምታም በአይሁድ ላይ በደረሰው ግፍ ተጠያቂዎች ነን አለ። ከሽቱትጋርት አራት ዓመት ተኩል ሊሞላው ሲል ነው።

ያም ሆኖ፣ ጎደሎው ኑዛዜ በር ከፍቷል። በነሐሴ 1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አምስተርዳም ላይ ሲመሠረት ጀርመኖቹ እንደ ወንድም ተቀምጠዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። እሷ በማዕዱ ላይ የነበራት ታሪክ የተበዳይ ታሪክ ነው፤ አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1936 አዲስ አበባ አደባባይ ላይ በጥይት ተገድለዋል፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1937 በግራዚያኒ ትእዛዝ ተጨፍጭፈዋል። ገዳዮቻቸውም ከክርስቲያን አገር የመጡ የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ። ኒሞለር በርሊን ውስጥ ሊታሰር አንድ ወር ገደማ ሲቀረው መሆኑ ነው።

ዛሬ ኒሞለር የሚታወቀው በአንድ አጭር ጽሑፍ ነው። በየሙዚየሙ ግድግዳ ላይ አለ፤ በማኅበራዊ ሚዲያም አገር ሲታመስ ይለጠፋል። ሰዎች በየተራ ሲወሰዱ ዝም ያለ ሰው መጨረሻ ላይ የሚናገርለት ሲያጣ የሚተርከው ነው። ብዙዎች ግጥም ይሉታል፤ እሱ ግን በ1946 እና ከዚያ በኋላ በየንግግሩ ሲያነሳው የነበረ ሐሳብ ነው፤ የተወሰዱት ቡድኖች ዝርዝርም ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። አሁን የሚለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ለመክሰስ ነው። እናንተ ዝም ብላችኋል፣ ነገ በእናንተም ይደርሳል ለማለት። በእሱ አፍ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። ዝም ያለው ሰው እሱ ራሱ ነው፤ ዝም ያለበት ዘመንም ከ1933 እስከ 1937 ነው፤ ያኔ የዳሌም ደብር ፓስተር ነበር፤ የሰበከበት መድረክም እስከ ዛሬ በርሊን ውስጥ አለ።

ኒሞለር በመጋቢት 1984 በ92 ዓመቱ ቪስባደን ውስጥ ሞተ። በሽምግልናው ዘመን ጋዜጠኞች ሲጠይቁት፣ በአይሁድ ጥላቻ በተሞላ አየር ውስጥ አድጎ እሱም እንደ ተቀበለው፣ ከእስር በፊት የነበረው ኒሞለር ያ ሰው እንደ ነበር ሳይሸሽግ ይናገር ነበር። ስለ ዳካው ግን ሲተርክ አንድ ነገር አይለውጥም። የሚጀምረው ከታሰረበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት ካሉት አራት ዓመታት ነው።